አድናቂዎች ደራሲያቸውን ማሸለም ይችላሉን?

በየዓመቱ መስከረም ሲገባደድ፣ በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ከስዊድን ዋና ከተማ ከስቶክሆልም አንድ ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራው ደራሲ የዓመቱ የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ባለቤት ይሆናል። በዚያው ሰሞን በእኛም ግቢ፣ በሻይ ክበቡና በመኝታ ቤቱ፣ ክርክር ይነሣል። «የእኛ ደራስያን ምን ጎደላቸው? ለምን ፊርማ አሰባስበን አንልክም?» የሚሉ አሉ። «ተዉት ባካችሁ፣ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለራሳቸው ሰው ነው የሚሰጡት» የሚሉም አይጠፉም። እኛ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባላት ሁለቱንም ወገን ስናዳምጥ ከርመናል። ነገሩ በጩኸት የሚፈታ ስላልሆነ፣ የሽልማቱ አሠራር ምን እንደሚመስልና አድናቂዎች ለሚወዱት ደራሲ ሲሟገቱ ምን እንዳገኙ ለመግለጽ ተነሥተናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ለመሆኑ ዳኞቹ እነማን ናቸው? የስዊድን አካዳሚ የሚባል ጉባኤ አለ። በ1786 በንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ የተቋቋመ ሲሆን 18 መቀመጫዎች አሉት፤ አባላቱም የሚመረጡት ለዕድሜ ልክ ነው። ከ1901 ጀምሮ በአልፍሬድ ኖቤል ኑዛዜ መሠረት የሥነ ጽሑፉን ሽልማት የሚሰጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ማንም ሰው ተነሥቶ «እገሌን ሸልሙልኝ» ሊላቸው አይችልም። ጥቆማ የማቅረብ መብት ያላቸው የአካዳሚው አባላትና በሌሎች አገሮች የሚገኙ መሰል አካዳሚዎች አባላት፣ በዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ወይም የቋንቋ ጥናት የሚያስተምሩ ፕሮፌሰሮች፣ ከዚህ በፊት ሽልማቱን ያገኙ ደራስያን፣ እንዲሁም የየአገሩን ሥነ ጽሑፍ የሚወክሉ የደራስያን ማኅበራት ሊቃነ መናብርት ብቻ ናቸው። ራስን መጠቆም ክልክል ነው። ጥቆማው እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ መድረስ አለበት። 200 ገደማ ከሚሆኑት ስሞች በጸደይ ወራት ከ15 እስከ 20 ይቀራሉ፤ ከዚያም 5 ብቻ ይለያሉ። አባላቱ ክረምቱን የአምስቱን ሥራዎች ሲያነቡ ከርመው በኦክቶበር ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘው ይሸለማል።

እንግዲህ ከዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ አሥር ሺህ አንባቢ የፈረመበት ወረቀት አንድ ፕሮፌሰር ከጻፈው የአንድ ገጽ ደብዳቤ ያነሰ መሆኑን ነው። የፊርማው ወረቀት ቢደርስም እንደ ጥቆማ አይመዘገብም። ያናድዳል? አዎን፣ ያናድዳል። ግን አሠራሩ ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ሽልማቱ የሚሰጠው በሕይወት ላለ ደራሲ ብቻ ነው። ቀደም ሲል በ1931 ስዊድናዊው ባለቅኔ ኤሪክ አክሰል ካርልፌልት ከሞቱ በኋላ ተሸልመዋል፤ ከ1974 ወዲህ ግን ደንቡ ጠብቋል፤ ደራሲው ስሙ ከተጠራ በኋላ ካልሞተ በስተቀር ለሟች አይሰጥም። በክበባችን «የእኛ ሰው» እየተባሉ ሲጠሩ የምንሰማቸውን እንቁጠር እስቲ፦ በዓሉ ግርማ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ፀጋዬ ገብረ መድኅን፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር። አንዳቸውም ዛሬ የሉም። የበዓሉ ነገር በተለይ አንጀት ይበላል። «ኦሮማይ» በ1983 ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1984 ከቤታቸው እንደ ወጡ ቀሩ። መጽሐፉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ለዓለም አንባቢ የቀረበው በ2025 ነው። አርባ ዓመት አልፎ ማለት ነው። ስቶክሆልም ያለ አንድ ዳኛ «ኦሮማይ»ን ዛሬ አንብቦ ቢደነቅ እንኳ ለደራሲው ድምፁን ሊሰጥ አይችልም።

ሽልማት ራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ፀጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሽልማት ድርጅት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበሉ ገና 30 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የዚያ ሽልማት ዳኞች ግን አማርኛ ያነብቡ ነበር። የስቶክሆልሞቹ አያነብቡም፤ የጨዋታው ቁልፍም እዚህ ላይ ነው። ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

አንባቢና ዳኛ አልተስማሙም ሲባል የመጀመሪያው ምሳሌ የመጀመሪያው ዓመት ነው። በ1901 ዓለም ሁሉ ሽልማቱ ለሊዮ ቶልስቶይ ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ፣ ለፈረንሳዊው ባለቅኔ ለሱሊ ፕሩዶም ተሰጠ። በዚህ ጊዜ 42 የስዊድን ደራስያን፣ ሠዓሊዎችና ሐያስያን ለቶልስቶይ ደብዳቤ ጻፉ። ከፈራሚዎቹ መካከል ኦገስት ስትሪንድበርግና ሴልማ ላገርሎፍ ነበሩ። ምርጫው የአካዳሚው እንጂ የእነሱ እንዳልሆነ ለታላቁ ደራሲ ገለጹላቸው። (ሴልማ ላገርሎፍ ራሳቸው በ1909 ተሸለሙ፤ ዓለም እንዲህ ናት።) ነገር ግን ቶልስቶይ በዚያ ዓመት ጥቆማ የማቅረብ መብት ባለው ሰው አልተጠቆሙም ነበር። የታወቀ ስም ነው ብሎ ሁሉም ሲጠብቅ፣ ወረቀቱን ያስገባ ግን አልነበረም! በኋላ ጥቆማው ሲመጣ ደግሞ አካዳሚው አልፈለጋቸውም፤ ቶልስቶይ ራሳቸውም በ1906 ለአንድ የፊንላንድ ደራሲ ወዳጃቸው ደብዳቤ ጽፈው ሽልማቱ እንዳይሰጣቸው እንዲያደርጉላቸው ለመኑ። ገንዘቡን ምን አደርገዋለሁ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። በ1910 ሳይሸለሙ አረፉ።

አድናቂዎች በትክክለኛው በር ሲገቡ ምን እንደሚሆን ለማየት የቦብ ዲላንን ታሪክ መከታተል ይጠቅማል። በ1996 ሁለት ኖርዌያውያን፣ አንዱ ጋዜጠኛ ሌላው የሕግ ሰው፣ አሜሪካዊው ዘፋኝ ኖቤል ይገባዋል ብለው ተነሡ። ዘፈኑ ቅኔ ነው ነበር ክርክራቸው። ሁለቱም ጠቋሚ የመሆን መብት አልነበራቸውም። ታዲያ ሰዎቹ ምን አደረጉ? ፊርማ ለማሰባሰብ መንገድ ላይ አልወጡም። ለታወቀው ባለቅኔ ለአለን ጊንስበርግ ቢሮ ጻፉ። ከዚያም ነገሩ በቨርጂኒያ ወታደራዊ ተቋም ሥነ ጽሑፍ ያስተምሩ ለነበሩት ለፕሮፌሰር ጎርደን ቦል ደረሰ። ቦል መብቱ ነበራቸውና የጥቆማውን ደብዳቤ ጻፉ፤ ጊንስበርግም ደገፉ። ጊንስበርግ በ1997 ቢያርፉም ቦል አልተዉትም። በየዓመቱ እየደጋገሙ ላኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከተጻፈ 20 ዓመት ሲሆነው፣ በኦክቶበር 2016፣ ቦብ ዲላን ተብሎ ተጠራ።

ሃያ ዓመት! የእኛ ክበብ ፊርማ ማሰባሰብ ጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱ እንደሚጠፋ የሚያውቅ ያውቃል።

ያን ጊዜ «ዘፋኝ ምን ደራሲ ነው» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። የአካዳሚው ጸሐፊ ሳራ ዳኒየስ የጥንቶቹን ግሪኮች ሆሜርንና ሳፎን ጠርተው፣ የእነሱም ግጥም በመሣሪያ ታጅቦ እንዲደመጥ የተሠራ ነበር ሲሉ መለሱ። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ግጥም ሲያፈስስ እያዳመጠ ላደገ ሰው ክርክሩ እምብዛም አይገርምም። ዲላን ግን ለብዙ ቀናት ዝም አሉ፤ በዲሴምበሩ በዓል ላይም አልተገኙም፤ በቦታቸው ፓቲ ስሚዝ ዘፈነች። የቦል ደብዳቤ ነው ያሸለማቸው ብለን ግን አንምልም። አካዳሚው የጥቆማውንና የውይይቱን መዝገብ ለ50 ዓመት ስለሚቆልፍ፣ በውስጥ ምን እንደተባለ የዛሬ ሰው አያውቅም። እርግጠኛ መሆን የሚቻለው መብቱ ያለው ሰው ካልጠቆማቸው ስማቸው ጠረጴዛው ላይ እንደማይቀርብ ነው። በተጨማሪም አካዳሚው በተለምዶ አንድን ሰው በመጨረሻዎቹ ዝርዝሮች ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ካላየው አይሸልምም ይባላል። ስለዚህ የአንድ ሰሞን ወከባ ዋጋ የለውም።

ወዳጅ የጻፈው ደብዳቤ ሁልጊዜ ይሠራል ማለትም አይደለም። በ1961 የካምብሪጅ ፕሮፌሰር የነበሩት ሲ. ኤስ. ሉዊስ ወዳጃቸውን ጄ. አር. አር. ቶልኪንን ጠቁመው ነበር። 50 ዓመት ሞልቶ መዝገቡ ሲከፈት፣ ዳኞቹ የቶልኪንን የአጻጻፍ ችሎታ አሳንሰው ገምተው እንደጣሉት ታወቀ። የዚያ ዓመት ሽልማት የዩጎዝላቪያው ኢቮ አንድሪች ሆነ። ቶልኪንን በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያነብባቸዋል፤ አንድሪችን የሚያነብብ ያን ያህል አይደለም። እኛ ግን አንድሪችን ያነበበው ዳኛ ተሳሳተ ለማለት አንደፍርም፤ የአንባቢ ብዛት ሌላ፣ ሚዛን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እንምጣ። ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበን የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነገር ነው። ንጉጊ በ1938 ተወለዱ። የመጀመሪያዎቹን ልብ ወለዶቻቸውን በእንግሊዝኛ ጽፈው ስም አተረፉ። በ1977 ከመንደራቸው ከካሚሪቱ ገበሬዎችና ሠራተኞች ጋር በኪኩዩ ቋንቋ ቲያትር አሳዩ። በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ዝም ያላቸው መንግሥት፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሲናገሩ አሠራቸው። በካሚቲ እስር ቤት ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል ሲቆዩ፣ በእስር ቤቱ የመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ አንድ ልብ ወለድ ጻፉ። ከዚያ ወዲያ ልብ ወለድ በእናታቸው ቋንቋ እንጂ በእንግሊዝኛ ላይጽፉ ወሰኑ፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሰው በኋላ ነው። በ2000 የአፍሪካ ቋንቋዎች ጉባኤ አስመራ ላይ ሲደረግ ከተገኙት ታላላቅ ደራስያን አንዱ እሳቸው ነበሩ።

የንጉጊ አድናቂዎች ከናይሮቢ እስከ ካሊፎርኒያ ብዙ ዓመት ጠብቀዋል። በ2010 የእንግሊዝ አቋማሪ ድርጅቶች ስማቸውን ከፊተኞቹ ተርታ አደረጉት። (አዎን፣ በዚያ አገር ሰው በደራሲም ይወራረዳል፤ እንደ ፈረስ ግልቢያ።) የሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት በአርቫይን ከተማ፣ ጋዜጠኞች ሌሊቱን ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው አደሩ። ሲነጋጋ የተጠራው ስም የፔሩው ማርዮ ቫርጋስ ዮሳ ሆነ። ንጉጊ በኋላ እንዳጫወቱት፣ ያዘኑት ጋዜጠኞቹ ነበሩ፤ እሳቸውና ባለቤታቸው እንግዶቹን ወደ ቤት አስገብተው፣ ቡና አፍልተው አጽናኗቸው። እንግዲህ ቡና ሲፈላ ሐዘን እንደሚቀል ኬንያም ታውቃለች ማለት ነው። በ2021 መጽሐፋቸው ለዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማት ከታጩት ረጅም ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በአፍሪካ አገር በቀል ቋንቋ ተጽፎ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው፤ ተርጓሚውም ራሳቸው ነበሩ። ኖቤል ግን አልመጣም። በሜይ 2025 በ87 ዓመታቸው አረፉ። በደንቡ መሠረት ከእንግዲህ አይመጣም።

ለምን አልተሰጣቸውም? ቁልፉ ያለበት መዝገብ እስኪከፈት መልሱን አናውጅም። አንድ ነገር ግን ከተሸለሙት ዝርዝር በግልጽ ይታያል። ከአፍሪካ ወሌ ሾይንካ በ1986፣ ናጊብ ማህፉዝ በ1988፣ ናዲን ጎርዲመር በ1991፣ ጄ. ኤም. ኩትሲ በ2003፣ አብዱልራዛቅ ጉርናህ በ2021 ተሸልመዋል። ማህፉዝ በዐረብኛ ጻፉ፤ የቀሩት አራቱ በእንግሊዝኛ ነው። የአፍ መፍቻቸው ስዋሂሊ የሆነው ጉርናህ እንኳ የተሸለሙት በእንግሊዝኛ በጻፉት ነው። በኪኩዩ፣ በስዋሂሊ፣ በዮሩባ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ተጽፎ የተሸለመ አንድም የለም።

ታዲያ በሩ ዝግ ነው? አይደለም። በ1913 ቤንጋልኛ የሚጽፉት ራቢንድራናት ታጎር ተሸልመዋል። መንገዱ እንዲህ ነበር። ታጎር ግጥሞቻቸውን ራሳቸው ወደ እንግሊዝኛ መለሱ። ለንደን ውስጥ ወዳጆች አገኙ፤ የአየርላንዱ ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስ መቅድም ጻፉላቸው። በ1912 መጽሐፉ በ750 ቅጂ ብቻ ታተመ። ቀጥሎም ቶማስ ስተርጅ ሙር የተባሉ እንግሊዛዊ ባለቅኔ፣ የእንግሊዝ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር አባል በመሆናቸው መብቱ ነበራቸውና አንዲት አጭር ደብዳቤ ለስቶክሆልም ጻፉ። አንድ ትርጉም፣ 750 ቅጂ፣ አንድ ደብዳቤ። ስተርጅ ሙር አድናቂ አልነበሩም ወይ? ነበሩ እንጂ፤ በተገቢው ወንበር ላይ የተቀመጡ አድናቂ ነበሩ።

የጃፓኑ የሃሩኪ ሙራካሚ ደጋፊዎች ነገር ደግሞ ለየት ይላል። እነዚህ ሰዎች ለአካዳሚው አይጽፉም፤ በየዓመቱ በኦክቶበር፣ ደራሲው በወጣትነታቸው የጃዝ ቡና ቤት በነበራቸው በቶኪዮ የሰንዳጋያ ሰፈር፣ በአንድ ቤተ መቅደስ ግቢ ተሰብስበው ውጤቱን ይጠብቃሉ። የሙራካሚ ስም ሳይጠራ ሲቀር ለተጠራው ያጨበጭባሉ። በ2017 ጃፓን ተወልደው እንግሊዝ ያደጉት ካዙኦ ኢሺጉሮ ሲጠሩ በደስታ ጮኹ። ድግስ ነው፤ ዘመቻ አይደለም። እንዲያውም በግቢያችን ልናየው የምንመኘው እንዲህ ያለውን ነው፤ ወሬውን ለመስማት ሲባል እንኳ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ።

«እሺ፣ ምርጫው ለአንባቢ ቢሰጥስ?» ለሚሉ ይህም ተሞክሯል። በ2018 አካዳሚው በውስጡ በተነሣ ቅሌት ምክንያት ሽልማቱን ለዓመት አዛወረ። የዚያን ጊዜ የስዊድን ጋዜጠኞች፣ ደራስያንና ሌሎች የባህል ሰዎች «አዲሱ አካዳሚ» የተባለ ጊዜያዊ ማኅበር አቋቋሙ። የአገሪቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች 47 ደራስያንን ጠቆሙ፤ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡ። ለመጨረሻ ከቀሩት አራት አንዱ ሙራካሚ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ከወሬ ርቄ ጽሑፌ ላይ ላተኩር ብለው ስማቸው እንዲወጣ ጠየቁ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጡት ዳኞች ሲሆኑ፣ ሽልማቱን የጓድሎፕዋ ማሪዝ ኮንዴ ተቀበሉ። መልካም ምርጫ ነበር፤ ማኅበሩም ሥራውን ጨርሶ ፈረሰ።

መጥፎም ጎን አለው። ሁጎ የሚባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ድምፅ የሚሰጡት የዓመታዊው የአድናቂዎች ጉባኤ አባላት ናቸው። በ2015 ሁለት ቡድኖች አስቀድመው ዝርዝር አዘጋጅተው፣ «እነዚህን ብቻ ምረጡ» እያሉ ዕጩነቱን አጥለቀለቁት። የቀሩት አባላት በንዴት በ5 ዘርፎች «ለማንም አይሰጥ» ብለው ድምፅ ሰጡ። ያነበበም ያላነበበም አንድ ድምፅ ሲኖረው፣ የተደራጀ ጥቂት ሰው ብዙውን እንደሚመራ ከዚህ ይታያል። በኋላ የዕጩ ቆጠራው ደንብ ተለወጠ።

እንግዲህ በሻይ ክበቡ ለተነሣው ክርክር የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ፊርማውን አንቃወምም፤ አድራሻው ግን ስቶክሆልም መሆን የለበትም። መብቱ ያላቸው ሰዎች እዚሁ አገራችን አሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎቹም ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ ፕሮፌሰሮች አሉ፤ የደራስያን ማኅበርም አለ። በሕይወት ካሉት ውስጥ አንዳንዶቻችን አዳም ረታን እንላለን፤ ሌሎቻችን ሌላ እንላለን፤ ክርክሩ ይቀጥል። ነገር ግን ፕሮፌሰሩ ቢጽፉስ፣ 18ቱ ሰዎች ምን ያነብባሉ? አካዳሚው በየቋንቋው አዋቂዎችን ያማክራል፤ ትርጉም ከሌለ ግን ምክሩ ብቻውን የትም አያደርስም። «ኦሮማይ» 40 ዓመት የፈጀበት ለዚህ ነው። ተርጓሚ የሚሆነው ደግሞ ሁለት ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ፣ በልጅነቱ በአማርኛ አንብቦ የተደነቀ ሰው ነው። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ ግልጽ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እኛ በምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ተቀምጧል። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ስለሌላቸው፣ ክበባችን በዚህ ወር ከአባላቱ ያሰባሰባቸውን ልብ ወለዶች ተመራቂዎች ይዘዋቸው እንዲሄዱ ለመደልደል አስቧል። መጽሐፍ ሊሰጥ የሚፈልግ ለክበቡ ጸሐፊ ይንገር።

ስለ ጥቆማው ደግሞ፣ የዘንድሮው መዝገብ የሚከፈተው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ እኛ ዕጩ መምህራን ሰባ ዓመት ሞልቶን፣ ጡረታ ከወጣን አሥር ዓመት ይሆነናል። አንድ ኢትዮጵያዊ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ኖሮ እንደሆነ ያን ጊዜ እናየዋለን።